ለመንደር ተማሪ ቤት ግቢ የሚሆኑ የአገር አበቦችና የሚያብቡበት ጊዜ

በደቡብ ጎንደር፥ በደራ ወረዳ፥ በአንበሳሜ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች ሐምሌና ነሐሴ የደመናና የጭቃ ወራት ናቸው። ሣሩና ቅጠሉ ይበዛል እንጂ አበባ ብዙ አይታይም። መስከረም በጠባ ጊዜ ግን ደመናው ከጉና ራስ ላይ እየተነሣ ሲሄድ የማሳው ዳር፥ የመንገዱ ግራና ቀኝ፥ የጅረቱም አፋፍ በጥቂት ቀን ውስጥ ቢጫ ይለብሳል። ይህንን የማያውቅ የአገር ሰው የለም። ነገር ግን አበባው ስለ ምን በዚህ ጊዜ እንደሚፈነዳ፥ ከርሱም ጋራ የትኞቹ ዛፎችና ሐረጎች እንደሚያብቡ፥ ደግሞም እነዚህን ወደ ተማሪ ቤት ግቢ ለማምጣት መቼ መዝራትና መቼ መትከል እንደሚገባ ለአስተማሪ በሚሆን አኳኋን ተጽፎ የሚገኘው ጥቂት ነው።

በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚመጣው ከቃል ነው። ከፈረንጅ አገር የመጣ የአትክልት መጽሐፍ «የጸደይ አበባ» ተብሎ ሲተረጐም መጋቢትን፥ ሚያዝያንና ግንቦትን ማለቱ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አቈጣጠርም ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው ስለ ሆነ ቃሉ የተስማማ ይመስላል። ይሁን እንጂ የአገሩ አበባ ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው በጸደይ አይደለም፤ ክረምት ከወጣ በኋላ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ባለው በመፀው ነው። ከዚሁም ውስጥ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው 40 ቀን «ዘመነ ጽጌ» ይባላል፤ ጽጌ ማለት አበባ ማለት ነው። የአባ ጽጌ ብርሃን ድርሰት የሆነው ማኅሌተ ጽጌ የሚዘመረውም በነዚህ ቀኖች ነው። እንግዲህ የጥንት ሊቃውንት የአበባን ጊዜ የቈጠሩት ከገዛ አገራቸው መስክ ላይ አይተው ነው። በመጋቢት አበባ ይገኛል ብሎ የፈረንጅን መጽሐፍ የተከተለ አስተማሪ ግን በደረቅ መሬት ላይ ውሃ ሲያመላልስ ይኖራል።

ዕፅ የሚያብበው ዘር ለመተካት ነው፤ ስለዚህም ለዘሩ የሚያሰጋው ነገር እስኪያልፍ ድረስ ይጠብቃል። በፈረንጅ አገር የዘር ጠላት ብርድ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት መሬቱ ይጠጥራል፥ በረዶም ይለብሳል፤ ፀሐይ ሞቅ ማለት ስትጀምር ዛፉም ሣሩም ባንድነት ያብባል። በደራና በፋርጣ ምድር ግን ከወር ወር የሙቀቱ ልዩነት ትንሽ ነው፤ ወራቱን የሚለያያቸው ውሃ ነው። ዝናሙ አብዛኛውን ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንማል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ይደርቃል። በክረምት ውሃው ሞልቶ ሳለ ደመናው ፀሐይን ይከለክላል፥ ዝናሙ የአበባውን ብናኝ ያጥበዋል፥ ንብም ከቀፎው ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ አብዛኛው ዕፅ በዚያ ጊዜ ሥርና ቅጠል ሲያበጅ ይሰነብታል። በመስከረም መጨረሻ መሬቱ ገና ውሃ እንደ ጠገበ ፀሐይ ትወጣለች፥ ንብም ይበራል። ያን ጊዜ ሁሉም ይቸኵላል፤ የመሬቱ እርጥበት ሳይጠፋ አብቦ ዘሩን ማድረስ አለበትና።

ሁሉም ዕፅ ግን በዚህ ሥርዓት አይሄድም። ሥራቸው ጠልቆ የሚሄድ አንዳንድ ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው በበጋ ያብባሉ። ሥራቸው እንደ ሽንኩርት የሆነ ደግሞ ስንቃቸውን ከመሬት በታች ሰውረው የሚቈዩ አሉ፤ እነዚህ የበልግ ዝናም ጠብ ሲል ከሁሉ ቀድመው ብቅ ይላሉ። ሦስቱን ወገን አስተባብሮ የተከለ ተማሪ ቤት ከዓመት እስከ ዓመት ግቢው ያለ አበባ፥ ንቡም ያለ ቀለብ አይቀርም።

ከሰሜን አውሮፓ የሚመጣው ቱሊፕ የሚባለው አበባ ስለ ምን በዚህ አገር እንደማይሆን ከዚህ ይታወቃል። የቱሊፕ ሽንኩርት በልቡ ያለውን አበባ አስረዝሞ ለማውጣት ሦስት ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ በብርድ መሬት ውስጥ መተኛት ይፈልጋል። ይህን ብርድ ያላገኘ እንደ ሆነ ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ ወይም አበባው አጥሮ ከቅጠሉ መካከል ይቀራል። የአንበሳሜ መሬት ይህን ያህል ቀዝቅዞ አያውቅም። ደብረ ታቦር ከአንበሳሜ ይልቅ ከፍ ያለ ደጋ ነው፥ በኅዳርና በታኅሣሥም ሌሊት ውርጭ ይወርድበታል፤ ቢሆንም ቀን ፀሐይዋ መሬቱን መልሳ ስለምታሞቀው ቱሊፕ የሚሻውን ያልተቋረጠ ብርድ አያገኝም። በብዙ ገንዘብ የተገዛ ሽንኩርት በሁለተኛው ዓመት መጥፋቱ ከአትክልተኛው ስንፍና የተነሣ አይደለም።

በዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። ጆርጅ ቪልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅ ሊቅ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1878 በአድዋ እስኪሞት ድረስ የሰሜኑን አገር ዕፀዋት ሲሰበስብ ኖረ። ወደ አገሩ ከላካቸው መካከል ቅጠሉ እንደ ሰይፍ የሆነ፥ አበባው ነጭ ሆኖ በጕሮሮው ውስጥ ወይን ጠጅ ምልክት ያለበት፥ በማታ የሚሸት አንድ ዕፅ ነበረ፤ ሆኽሽቴተር የሚባል ሌላ ሊቅ በ1844 ስም አውጥቶ አሳተመው። የግላዲዮለስ ወገን የሆነው ይህ ዕፅ ዛሬ «የሐበሻ ግላዲዮለስ» እየተባለ በሆላንድ ነጋዴዎች በብዛት እየተራባ በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ ይሸጣል። የዚያ አገር አትክልተኛ ብርዱ ሲያልፍ ይተክለዋል፤ ውርጭ ሳይመጣ ደግሞ ሥሩን ቈፍሮ አውጥቶ በደረቅ ቤት ያስቀምጠዋል። ይህን ሁሉ ድካም የሚደክመው የኢትዮጵያን ክረምትና በጋ አስመስሎ ለመስጠት ነው። በተወለደበት አገር ግን ክረምት ራሱ ያጠጣዋል፥ በጋም ራሱ ያደርቀዋል። ይህን ዕፅ በተራራ ገደል አጠገብ ያገኘ አስተማሪ ሁሉንም እንዳይነቅል፥ ነገር ግን ቅጠሉ በደረቀ ጊዜ ከብዙው ጥቂቱን ሥር ወስዶ ግቢው ውስጥ እንዲያራባ ይመከራል።

ከክረምት በኋላ ከሚያብቡት ሁሉ የታወቀው አደይ አበባ ነው። አደይ ካንድ ዝናም የማያልፍ፥ አብቦ ዘሩን አፍስሶ የሚደርቅ ነው። ብዙ ሰው አደይንና መጭን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሁለቱም ቢጫ ናቸውና፥ የሚያብቡበትም ጊዜ ይቀራረባልና። መለያቸው ቅጠላቸውና ዘራቸው ነው። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው፥ ዘሩም ጠፍጣፋና ረዘም ያለ ነው። የመጭ ቅጠል ሳይሰነጠቅ ሙሉ ሆኖ ግንዱን ያቅፋል፥ ዘሩም እንደ ዘመዱ እንደ ኑግ ጥቍርና ለስላሳ ነው። በደራ አገር በኅዳር የሚቈረጠው ማር አብዛኛው ከነዚህ ከሁለቱ የተቀሰመ ነው፤ ይህንንም ንብ አናቢው ሁሉ ያውቃል።

አደይ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ስለ ሆነ የሚጠፋበትም መንገድ ይኸው ነው። ለዕንቍጣጣሽና ለመስቀል ልጆች አበባውን ከነሥሩ ነቅለው ሲያመጡ ከተማሪ ቤቱ አጠገብ ያለው መስክ ያለ ዘር ይቀራል፤ በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥም ልጆቹ አበባ ለማግኘት ሩቅ መሄድ ይጀምራሉ። ልማዱን መከልከል አይገባም፥ የሚቻልም አይደለም። ነገር ግን አስተማሪው ልጆቹ ሥሩን ሳይነቅሉ አንገቱን ብቻ እንዲቀጥፉ፥ ከያንዳንዱም ቍጥቋጦ ሦስት አራት አበባ ለዘር እንዲተዉ ቢያስተምር ልማዱም ይኖራል፥ አበባውም አይጠፋም። በኅዳር አበባው ደርቆ ዘሩ በጣት ሲነካ የሚረግፍ በሆነ ጊዜ ይለቀማል። በሰኔ መጀመሪያ በተኰተኰተ አፈር ላይ ይበተናል፤ አፈርም በላዩ ጥቂት ብቻ ይነሰነስበታል። በጥልቅ የተቀበረ እንደ ሆነ አይወጣም።

ለአጥርና ለበር ከሚሆኑት ሐረጎች መካከል ጠምበለልን የሚያህል የለም። አበባው ነጭ ነው፤ ገና ሳይፈታ ከውጭ በኩል ቀላ ይላል፤ ሽታውም ማታ ማታ ይበረታል። በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተጠላለፈ ይገኛል። ዕድሜው ያንድ ዓመት ያህል የሆነውን ቅርንጫፍ ስንዝር ተኩል ያህል ቈርጦ በሰኔ በጥላ ሥር ቢተክሉት ሥር ይሰድዳል፤ ወይም ሐረጉን ሳይቈርጡ ወደ መሬት አጕብጠው አፈር ቢጭኑበት በዚያው ሥር ያበቅላል። ሁለተኛው መንገድ ጊዜ ቢፈጅም ሳይሳሳት የሚሆን ነው። የአዞ ሐረግም ከክረምት በኋላ ነጣ ባለ አበባ አጥሩን ይሸፍናል፤ አበባው ካለፈ በኋላም እንደ ላባ ያለው ዘሩ ራሱ ጌጥ ነው። የአዞ ሐረግ ጭማቂ ግን ቆዳን ስለሚልጥ ልጆች እንዳይቀጠቅጡትና እንዳይነኩት ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመማሪያው ክፍል ርቆ በውጭ አጥር ላይ ይሁን።

ቀጋ ብዙ ሰው እንደ እሾህ ብቻ ይቈጥረዋል። ይሁን እንጂ ቀጋ ጽጌረዳ ነው፤ ከሰሐራ በረሃ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪቃ ሰው ሳይተክለው የሚበቅለው ብቸኛው የጽጌረዳ ወገን እርሱ ነው። በሊቃውንት መጽሐፍ በ1820 በፈረንጅ አቈጣጠር የተመዘገበውም በሐበሻ ስም ነው። አበባው አምስት ቅጠል ያለው ነጭ ነው፥ ሽታውም መልካም ነው፤ ፍሬው በበጋ ሲቀላ እረኞች ይበሉታል። ከከተማ በብር እየተገዛ የሚመጣውን ድርብርብ ጽጌረዳ በበጋ ውሃ ካላጠጡት ይጠወልጋል፤ ቀጋ ግን አንድ ጊዜ ሥር ከያዘ የማንንም ውሃ አይጠብቅም። ፍየልና በሬ ደፍረው የማይገቡበት አጥር ይሆናል። ለልጆች መጫወቻ ከሆነው ሥፍራ ግን ራቅ ብሎ መተከል አለበት።

ለቅርብ አጥር የሚሻለው ስሚዛ ነው፤ በሸዋ ሰንሰል ይሉታል። እሾህ የለውም፥ ከብት አይወደውም፥ ነጭ አበባውን ንብ ይወዳል። በክረምት መግቢያ ክርክሩን እየቈረጡ አንድ ክንድ ባልሞላ ርቀት ቢደረድሩት በሁለት ዓመት ውስጥ ዓይን የማያሳልፍ ይሆናል። በደጋው በኩል፥ በደብረ ታቦርና ከዚያ በላይ፥ አምጃ አለ፤ ቢጫ አበባው ሰፋፊ ነው፥ ተማሪ ቤቱም ከፍ ባለ ቀዝቃዛ ሥፍራ የተሠራ ከሆነ ከርሱ የተሻለ ቍጥቋጦ አይገኝም።

ወደ ዛፎቹ ስንመጣ ለአንበሳሜ ወይና ደጋ አስቀድሞ የሚጠራው ዋንዛ ነው። ክረምት ሲወጣ ዛፉ በነጭ አበባ ይሸፈናል፤ ከሩቅ ለሚያየው ነጠላ የለበሰ ይመስላል። አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬው ለልጆችና ለወፎች ምግብ ነው፤ እንጨቱ ለከበሮ፥ ለሣጥንና ለበር ከጥንት ጀምሮ የተመረጠ ነው። የጥፋቱም ምክንያት ይኸው የእንጨቱ መልካምነት ነው፤ ብዙ ተቈርጧልና፥ የተተካው ግን ጥቂት ነውና። የዋንዛ ፍሬ ሙጫ ያለበት ስለ ሆነ ዘሩን ከመዝራት አስቀድሞ በውሃና በአሸዋ ማሸት ያስፈልጋል። ለመብቀልም ከአንድ ወር በላይ ሊቈይ ስለሚችል ልጆቹ ሞተ ብለው መደቡን እንዳይገለብጡት አስቀድሞ መንገር መልካም ነው።

ወልክፋም እንደዚሁ መልካም ዛፍ ነው፤ አበባው በነጭና በፈዘዝ ያለ ሮዝ መካከል ያለ ሆኖ በዘለላ ይወጣል፥ ልጡ ገመድ ይሆናል። ጄምስ ብሩስ የተባለው እስኮትላንዳዊ መንገደኛ በጎንደር መንግሥት ዘመን መጥቶ በ1790 በፈረንጅ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የዚህን ዛፍ፥ የኮሶንና የኮርችን ሥዕል አውጥቷል። ኮርችን እርሱ «ቋራ» ብሎ ጠርቶታል፤ ይህም ስም ዛሬ በአንዳንድ ሥፍራ ይነገራል። ኮሶን ሕዝቡ የሚያውቀው በመድኃኒትነቱ ነው፤ ጌጥነቱን ግን ማንም አያነሣውም። ወንዱና ሴቱ በየራሱ ዛፍ ነው፤ የሴቲቱ አበባ ቀላ ብሎ እንደ ትልቅ ዘለላ ቍልቍል ይንጠለጠላል። ደጋ ስለሚወድ ከአንበሳሜ ቈላማ ጎን ይልቅ ለደብረ ታቦርና ለጉና ግርጌ የሚገባ ነው።

መፀው ካለፈ በኋላ ግቢው እንዳይራቈት ኮርችና ግራዋ ይተከላሉ። ኮርች በበጋ ቅጠሉን ጥሎ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ እሳት የመሰለ ቀይ አበባ ያወጣል፤ ቅጠል ስለማይሸፍነው ከሩቅ ይታያል፥ ማር የሚመጥጡት ትናንሽ ወፎችም ይሰበሰቡበታል። የክንድ ውፍረት ያለውን ቅርንጫፍ ቈርጦ፥ ቍስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ አኑሮ፥ በግንቦት መጨረሻ ቢተክሉት ይጸድቃል። ሥሩም እንደ ባቄላና እንደ አተር ሥር መሬቱን ያሰባል። የፍሬው ዘር ግን መርዝ ነው፤ ልጆች እንደ ጨሌ ወግተው በአንገታቸው ሲያስሩት በጥርሳቸው እንዳይሰብሩት መጠንቀቅ ይገባል። ግራዋ በበጋ ነጭ አበባውን ሲያወጣ ንብ ከሌላ የምታገኘው ጥቂት ስለ ሆነ ቀኑን ሙሉ በላዩ ትውላለች። ጌሾ ለሚጠምቅ ቤት የእንስራ ማጠቢያ፥ ለበግና ለፍየልም መኖ ይሆናል፤ ስለዚህ በግቢ ውስጥ ቢተከል ሽማግሌዎቹም አይጠሉትም።

ከውጭ አገር ዛፎች መካከል ጃካራንዳ የሚባለው ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሲሆን በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ጎዳናዎች ላይ ሰማያዊ ሐምራዊ አበባውን በበጋ መጨረሻ ያሳያል። ውርጭ አይችልምና በደብረ ታቦር ችግኙን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በአንበሳሜ ግን ይሆናል።

በሚያዝያና በግንቦት ሥራቸው ሽንኩርት የሆነ አበቦች ይነሣሉ። ገበሬው አብዛኛዎቹን ባንድ ስም የጅብ ሽንኩርት ይላቸዋል፤ ዘመዶቻቸው ብዙ፥ መልካቸውም ልዩ ልዩ ነው። ከነዚህ ሁሉ የሚያምረው ገና ቅጠሉ ሳይሰፋ አንድ አገዳ አውጥቶ በራሱ ላይ እንደ ኳስ የተከመረ ቀይ አበባ የሚሸከመው ነው። በጥላ፥ በቍጥቋጦ ሥርና በደንጊያ መካከል ይበቅላል። ወደ ግቢ ለማምጣት ቅጠሉ ደርቆ ከጠፋ በኋላ፥ በታኅሣሥ ወይም በጥር፥ ሥሩን ሳያቈስሉ ማውጣትና መትከል ነው። በፎገራ ሜዳና ዋልካ አፈር ባለበት ሥፍራ ሁሉ ግን የክረምት ውሃ ቆሞ ያበሰብሰዋል፤ በዚያ መደቡን አንድ ክንድ ከፍ አድርጎ በአሸዋና በጠጠር ማላላት ግድ ነው። የጅብ ሽንኩርት የተባለ ሁሉ ለሰውም ለከብትም መርዝ ስለ ሆነ ከጓሮ ሽንኩርት ጋራ በአንድ መደብ አይተከልም። ይህን ማዘዝ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም፤ ቅጠላቸው ለሕፃን ዓይን ይመሳሰላልና።

አበባው አምሮ ስለ ታየ ብቻ ከሩቅ የመጣውን ሁሉ መትከል የሚያስከትለውን ጕዳት የደራ ሰው ከጣና ዳር ሆኖ አይቶታል። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም አበባው ሐምራዊ ነው፥ በእውነትም ያማረ ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን የዞረው ለኵሬ ጌጥ ተብሎ ነው። በኢትዮጵያ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ በ1965 በፈረንጅ አቈጣጠር መኖሩ ታወቀ፤ በጣና ሐይቅ ደግሞ በ2011 ተገለጠ። ከዚያ ወዲህ በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ያለው ገበሬና ዓሣ አጥማጅ በእጁ እየነቀለ ሲታገለው ይኖራል። የወፍ ቆሎ የሚባለውም ባለ ብዙ ቀለም አበባ ቍጥቋጦ ለአጥር ጌጥ ተብሎ ከአሜሪካ ቆላ የመጣ ነው፤ ወፍ ፍሬውን እየበላ ዘሩን በየሜዳው ይጥላል፥ ቅጠሉን የበላ ከብት ይታመማል። ስለዚህ ስሙና ጠባዩ ያልታወቀ እንግዳ አበባ ሲመጣ አስተማሪው ከእርሻ ባለሙያ ሳይጠይቅ ወደ ግቢ እንዳያስገባው፥ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ እምቦጭን በኵሬም ሆነ በገንዳ እንዳያስቀምጥ ያስፈልጋል።

ዘሩ ከወዴት ይገኛል ለሚል ጥያቄ መልሱ ቅርብ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው። ማሳውና ግጦሹ የቀድሞውን ደን ስለ ፈጀው በደቡብ ጎንደር ብዙዎቹ ያገር ዛፎች ዛሬ የሚገኙት በየደብሩ ዙሪያ ነው። አለማየሁ ዋሴ የተባለው የደን ሊቅ በዚህ አገር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን አጸድ መርምሮ 168 ዓይነት እንጨትነት ያላቸው ዕፀዋት ቈጥሯል፤ ከነዚህም 100 ዛፎች፥ 51 ቍጥቋጦዎች፥ 17 ሐረጎች ናቸው። ይኸው ሊቅና ባልንጀሮቹ ከብት እንዳይገባ በታጠረና ባልታጠረ ሥፍራ ዘር ዘርተው ሲያስተያዩ በታጠረው ውስጥ የበቀለውና በሕይወት የቈየው ቡቃያ በልጦ ተገኘ። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳሉ ልጆቻቸው በከብት አፍና በእግር ያልቃሉ ማለት ነው። በአንዳንድ አጸድ ዙሪያ ገበሬዎች ከማሳቸው ደንጊያ ለቅመው ካብ የካቡት ይህ ከታወቀ በኋላ ነው። አርጅቶ የወደቀው ዋንዛ ወይም ወልክፋ ምትክ ሳይኖረው የቀረ እንደ ሆነ ከአጸዱ የሚለቀም ዘር አይኖርም፤ ስለዚህ በተማሪ ቤቱ ግቢ የሚተከለው ችግኝ ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ለዘር መጠባበቂያም ያገለግላል።

ዘር ለመልቀም የሚሻ አስተማሪ አስቀድሞ የደብሩን አለቃ ወይም ቄሰ ገበዙን ያስፈቅድ፤ ቅርንጫፍ ሳይሰበር፥ የወደቀው ፍሬ ከመሬት ይለቀም። የትኛው ዛፍ በየትኛው ወር ፍሬውን እንደሚጥል ከመጽሐፍ ይልቅ የሚያውቁት በዚያው ያረጁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ልጆቹም ከነርሱ ጠይቀው የዛፉን ስም፥ የአበባውን ወርና የፍሬውን ወር በደብተራቸው ቢጽፉ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ያገሩ ሁሉ የአበባ መቍጠሪያ ይሆናል። የአንበሳሜውና የደብረ ታቦሩ ደብተር ቢተያይም አንዱ ዛፍ በወይና ደጋና በደጋ ስንት ቀን ተለያይቶ እንደሚያብብ ይታወቃል።

የችግኝ መደብ በየካቲት ይዘጋጃል። ከውሃ ያልራቀ፥ ከፊል ጥላ ያለው ሥፍራ ይመረጣል፤ ሁለት እጅ የደን አፈር፥ አንድ እጅ አሸዋ፥ አንድ እጅም የበሰበሰ ፍግ ይደባለቃል። የዛፎቹ ዘር እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ ይዘራል፤ ማለዳና ማታ በቀዳዳ ጣሳ ይጠጣል፤ በላዩም የሣር ዳስ ይሠራል። የክረምቱ ዝናም ከጸና በኋላ፥ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ፥ ችግኙ ከነአፈሩ ይተከላል። ጕድጓዱ ከአንድ ወር በፊት ተቈፍሮ አፈሩ ፀሐይ ቢመታው ይሻላል። በባሕር ዛፍ ሥር ግን ማንኛውንም አበባ መትከል ድካም ነው፤ ውሃውንም ብርሃኑንም ይወስድበታልና። ያንዳንዱ ችግኝ ዙሪያ በእሾህ ይታጠር፤ የተማሪ ቤት በር ተዘግቶ ሳለ ከብት በአንድ ቀን የሁለት ዓመት ድካም ሊበላ ይችላል። ከኅዳር ጀምሮ እስከ ሚያዝያ በሳምንት አንድ ጊዜ ለያንዳንዱ አንድ እንስራ ውሃ ከሥሩ ቢፈስለትና በላዩ ደረቅ ሣር ቢለበስ የመጀመሪያውን በጋ ያልፋል፤ ሁለተኛውን ግን አብዛኛዎቹ በራሳቸው ይችሉታል። የተለቀመው የአደይ ዘር በደረቅ ጨርቅ ተቋጥሮ፥ አይጥ በማይደርስበት ሥፍራ ተሰቅሎ፥ ስሙና የተለቀመበት ወር ተጽፎበት እስከ ሰኔ ይቀመጣል።